ለአሜሪካ ምርጫ ስንት ዶላር መስጠት ይፈቀዳል? ገደቡስ በየስንት ጊዜው ይቀየራል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «እገሌ ለኮንግረስ እየተወዳደረ ነው፣ ቅዳሜ ፈንድሬዚንግ (የገንዘብ ማሰባሰቢያ) አለ፣ ስንት ብንሰጥ ነው የሚፈቀደው?» ይሉኛል። አንዱ ከአራት ዓመት በፊት የሰማውን ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ ገደብ የሚባል ነገር የለም ብሎ ይከራከራል። መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብስቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው። በዋናነት የማወራው ስለ ፌዴራል ምርጫ ነው፤ ማለትም ስለ ፕሬዚዳንት፣ ስለ ሴኔትና ስለ ተወካዮች ምክር ቤት። የከተማና የካውንቲውን ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሰው ለአንድ እጩ ስንት መስጠት ይችላል?

ለ2025–2026 የምርጫ ዘመን 3,500 ዶላር ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ «በአንድ ምርጫ» ነው። ፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን የሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ለብቻው እንደ አንድ ምርጫ ይቆጠራል፣ ኖቬምበር ላይ ያለው ዋናው ምርጫም ለብቻው። ስለዚህ ለአንድ እጩ በድምሩ 7,000 ዶላር መስጠት ይቻላል። እጩው ፕራይመሪው ላይ ከወደቀ ለዋናው ምርጫ ብላችሁ የሰጣችሁትን ይዞት መቅረት አይችልም፣ መመለስ አለበት።

ባልና ሚስት የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ከሁለቱ የሚሠራው አንዱ ብቻ ቢሆንም ሁለቱም መስጠት ይችላሉ።

ገደቡ በየዓመቱ ነው የሚቀየረው?

አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የግለሰብ መዋጮ ጣሪያ የሚስተካከለው በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር በሆኑት ዓመታት መጀመሪያ ላይ ነው፦ 2021፣ 2023፣ 2025 እያለ ይሄዳል። የሚያስታውቀው የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ነው። በየዓመቱ የሚስተካከሉ ሌሎች ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ ፓርቲዎች ከእጩዎቻቸው ጋር ተመካክረው የሚያወጡት ወጪ ጣሪያና ለፕሬዚዳንት እጩዎች የተመደበው የመንግሥት ገንዘብ። ለተራው ሰጪ ግን የሁለት ዓመቱን ማወቅ ይበቃል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1974 ኮንግረስ ጣሪያውን 1,000 ዶላር አደረገው፣ ከዚያ 28 ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። የቤት ኪራይ፣ የቤንዚን፣ የዳቦ ዋጋ እየናረ ያ 1,000 ዶላር እዚያው ቆመ። በ2002 ማኬይንና ፋይንጎልድ የሚባሉት ሁለት ሴናተሮች ስማቸውን የሰጡት ሕግ ወጣና ጣሪያው 2,000 ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ኮንግረስን ሳይጠብቅ ከዋጋ ንረት ጋር በራሱ እንዲያድግ ተደረገ።

ቁጥሩን ማን ይወስናል? ዝም ብለው ነው የሚጨምሩት?

ማንም ተቀምጦ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ይሁን» አይልም። ሒሳብ ነው። ካልኩሌተር አውጥታችሁ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መንግሥት በየወሩ የሚያወጣው የሸማቾች የዋጋ ኢንዴክስ አለ። የ2001 አማካይ 177.1 ነበር፣ የ2024 አማካይ ደግሞ 313.7 ገደማ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉት፣ 1.77 ይመጣል። በመነሻው በ2,000 ዶላር ስታባዙት 3,542 አካባቢ ታገኛላችሁ። ሕጉ ወደሚቀርበው መቶ አጠጋጉ ስለሚል 3,500 ሆነ። ስምንት ዶላር ገደማ ቢጨመርበት ኖሮ 3,600 ይሆን ነበር።

በዚህ ማጠጋጋት የተነሳ አንዳንዴ ለውጥ አይታይም። በ2015–2016 ጣሪያው 2,700 ነበር፣ በ2017–2018ም ያው 2,700። ከኮቪድ በኋላ ዋጋ ሲንር ደግሞ ከ2,900 በአንድ ጊዜ ወደ 3,300 ዘለለ። የገበያው ኑሮ ውድነት እዚህ ቁጥር ላይም እንዲህ ይነበባል።

ታዲያ ሁሉም ቁጥር ከዋጋ ጋር ያድጋል?

አያድግም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

የሚያድጉት በአብዛኛው ትልልቆቹ ናቸው። ለአንድ እጩ የሚሰጠው ያድጋል። ለአንድ ብሔራዊ ፓርቲ ኮሚቴ የሚሰጠውም ያድጋል፤ በ25,000 ዶላር ተነስቶ ለ2025–2026 በዓመት 44,300 ደርሷል። ትንንሾቹ ግን ባሉበት ተቸክለው ቀርተዋል። ጥሬ ገንዘብ ለአንድ የምርጫ ዘመቻ ከ100 ዶላር በላይ አይሰጥም፤ ይሄ አይስተካከልም። ስም ሳይጠቀስ ሊሰጥ የሚችለው 50 ዶላር ነው፤ እሱም አይስተካከልም።

ከሁሉ የባሰው የ200 ዶላሩ ነው። ለአንድ እጩ በአንድ የምርጫ ዘመን የሰጣችሁት ተደምሮ ከ200 ዶላር ካለፈ ስማችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ሥራችሁና ቀጣሪያችሁ ለኮሚሽኑ ሪፖርት ይደረጋል፤ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ስማችሁን ፈልጎ ያገኘዋል። ይህ ቁጥር የተቀመጠው በ1979 ነው። በዛሬ ዋጋ ቢሰላ ከ800 ዶላር በላይ በሆነ ነበር። ያኔ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚሰጠውን ሰው ለመግለጥ የታሰበ መስመር፣ ዛሬ በየወሩ 20 ዶላር የሚልከውን የታክሲ ሹፌርና ነርስ ሁሉ ይዘረዝራል። ለሀብታሙ ጣሪያው ከፍ እያለ፣ የትንሹ ሰጪ መስመር 45 ዓመት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ መቅረቱ ልክ ነው ብዬ አላምንም።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የ1974ቱ 1,000 ዶላር በዛሬ ዋጋ ከ6,000 በላይ ነው። ማለትም የዛሬው 3,500 ከድሮው አንጻር ሲታይ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። የሀብታም ገንዘብ የሚፈስበት በር ሌላ ነው፣ ስለሱ ወደ ታች አለ።

ሥራዬንና ቀጣሪዬን ለምን ይጠይቁኛል? አልወደድኩትም።

ገባኝ። ከመጣንበት አገር ልምድ የተነሳ «ለማን እንደሰጠህ ተመዝግቦ ይቀመጣል» ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ግን ጥያቄው ከሕጉ የመጣ ነው፣ ሁሉም ሰጪ ይጠየቃል። የሚፈለገውም ማን ከየትኛው ድርጅት ሆኖ ማንን እንደሚደግፍ ሕዝብ እንዲያይ ነው። በግል የምትሠሩ ከሆነ «በግል ሥራ» ብላችሁ ሙሉ፣ ጡረታ ከወጣችሁም እንደዚያው። ከዚያ ዝርዝር ላይ የግለሰቦችን ስምና አድራሻ ወስዶ ለንግድ ወይም ለሌላ ልመና መጠቀም ክልክል ነው።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ዜግነት አላገኘሁም። መስጠት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን አትችሉም። ሁለቱን በፍጹም አታምታቱ።

ዎርክ ፐርሚት፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ)፣ የተማሪ ቪዛ ወይም ጥገኝነት ከሆነስ?

አይቻልም። በፌዴራልም፣ በስቴትም፣ በከተማም ምርጫ። ጥገኝነቱ ጸድቆላችሁም ቢሆን ግሪን ካርዱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ጠብቁ። አምስት ዶላርም ቢሆን አይሆንም። የፈንድሬዚንግ እራት ቲኬት መግዛትም ያው መዋጮ ነው፤ «ለምግቡ ነው የከፈልኩት» ማለት አያዋጣም፣ የቲኬቱ ሙሉ ዋጋ እንደ መዋጮ ይቆጠራል።

በነጻ መርዳት ግን ይፈቀዳል። በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ወረቀት ማደል፣ ያለ ክፍያ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ገንዘቡ እንዴት ይውጣ የሚለው ውሳኔ ውስጥ ብቻ አትግቡ።

ሰው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ አዋጥቶ፣ አንድ ሰው በስሙ ቼክ ቢጽፍስ?

እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ለእኛ ነገሩ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ዕቁብም ዕድርም ላይ የኖርነው እንደዚህ ነው፣ አንዱ ይሰበስባል፣ አንዱ ያስረክባል። በአሜሪካ የምርጫ ሕግ ግን በሌላ ሰው ስም መስጠት ወንጀል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እራት ላይ ነበርኩ። አንድ የምናከብራቸው አባት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ገንዘብ ሰበሰቡ። ከጀበናው አጠገብ ተቀምጠው ቆጠሩት፤ የሰጪዎቹን ስም በሶፍት ላይ ጽፈው አብረው አጠፉት። ከዚያ ለእጩው ሠራተኛ ፖስታውን ሰጡት። ልጅቷ «ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?» ብላ ጠየቀች። እሳቸውም በኩራት «የሁላችንም ነው» አሉ። ልጅቷ ፖስታውን በሁለት እጇ መልሳ ሰጠቻቸው። እኛ ጠረጴዛ ያለው ሰው ተቀየመ፣ የተናቅን መሰለን። ልጅቷ ግን አላጠፋችም። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ካርድ ላይ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ሥራውን ሞልቶ በየራሱ ቼክ ወይም የባንክ ካርድ እንዲሰጥ ተደረገ። ሁለት ልጆች ግሪን ካርድ ስላልነበራቸው ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። አባታችን ይህን ባይሰሙ ኖሮ በቅንነት ያደረጉት ነገር ጣጣ ያመጣባቸው ነበር፣ ለእነዚያ ልጆች ደግሞ የኢሚግሬሽን ጉዳያቸው ላይ ጠባሳ ሊሆን ይችል ነበር።

አለቃችሁ «አንተ ስጥ፣ እኔ እመልስልሃለሁ» ቢላችሁም ያው ነው። እንቢ በሉ።

ሬስቶራንት አለኝ። ምግቡን በነጻ ባቀርብስ?

ሬስቶራንቱ ኮርፖሬሽን ሆኖ የተመዘገበ ከሆነ ለፌዴራል እጩ መስጠት አይችልም፣ ነጻ ምግብም እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከሆነ ታክስ የሚከፍልበት መንገድ ይወስነዋል፤ እንደ ኮርፖሬሽን የሚከፍል ከሆነ አይችልም፣ እንደ ሽርክና ከሆነ ይችላል፣ ግን ከባለቤቶቹ የግል ገደብ ላይ ይታሰባል። ቀላሉ መንገድ የምርጫ ዘመቻው ለምግቡ እንዲከፍል ማድረግ ነው።

ቤታችሁ ከሆነ ሌላ ነው። እንግዳ ጠርታችሁ ለምግብ፣ ለመጠጥና ለጥሪ ወረቀት የምታወጡት ወጪ በአንድ ሰው እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆናችሁ እስከ 2,000 ዶላር፣ ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ፣ መዋጮ ተብሎ አይቆጠርም። ዶሮ ወጡን ቤት ሥሩት።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ከታክስ ነጻ በጎ አድራጎት ሆኖ የተመዘገበ ማኅበር ለእጩ ከቶ መስጠት አይችልም።

ሳላውቅ ከገደቡ በላይ ብሰጥስ?

አትደንግጡ። ዘመቻው በ60 ቀን ውስጥ ወይ ትርፉን ይመልስላችኋል፣ ወይ ፈቃዳችሁን ጠይቆ ለሌላኛው ምርጫ ያዞረዋል፣ ወይ የጋራ ሒሳብ ከሆነ በባለቤታችሁ ስም ያስመዘግበዋል። ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ከመጣላችሁ ቶሎ መልሱ።

ታክስ ላይ ይቀነስልኛል?

አይቀነስም።

ታክስ ሳሠራ «3 ዶላር ለፕሬዚዳንት ምርጫ» የምትል ሳጥን አለች። ምንድን ናት?

1040 በሚባለው የዓመቱ የገቢ ታክስ ፎርም መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ስምና አድራሻችሁ አካባቢ ናት። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠይቃችሁ ያልፋታል። ምልክት ብታደርጉባት የምትከፍሉት ታክስ አይጨምርም፣ ሪፈንዳችሁም አይቀንስም። መንግሥት ከሚሰበስበው ላይ 3 ዶላር ለፕሬዚዳንት ምርጫ ፈንድ እንዲያስቀምጥ መንገራችሁ ነው።

ሳጥኗ የመጣችው በ1971 በወጣ ሕግ ነው፤ ድጎማው የተጠናከረው ግን ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 ነው። ሐሳቡ እጩዎች የሀብታም ደጅ ከሚጠኑ ከሕዝብ ኪስ ይደገፉ የሚል ነበር። የዋናው ምርጫ ድጎማ በ1974 ዋጋ 20 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተቀመጠ፣ በዋጋ ንረት ልክ ያድጋል። በ1976 21.8 ሚሊዮን ነበር። በ2008 84.1 ሚሊዮን፣ በ2020 103.7 ሚሊዮን፣ በ2024 123.5 ሚሊዮን ደርሷል።

አሁን ሳጥኗን እዩ። መጀመሪያ 1 ዶላር ነበረች፣ በ1993 ወደ 3 ዶላር ከፍ አለች፣ ከዚያ ወዲህ 3 ዶላር ናት። የሚወጣው በየጊዜው ያድጋል፣ የሚገባው ባለበት ቆሟል። ለፕራይመሪ የሚሰጠው ተዛማጅ ገንዘብም (መንግሥት በግል መዋጮው ላይ የሚጨምረው) እንዲሁ፦ አንድ ሰው ከሚሰጠው ላይ መንግሥት የሚያዛምደው የመጀመሪያውን 250 ዶላር ብቻ ነው። ይሄ የ1974 ቁጥር ነው፤ ቢስተካከል ኖሮ ዛሬ ከ1,500 ዶላር ያልፍ ነበር። ለዚህ ገንዘብ ብቁ ለመሆን እጩው በ20 ስቴቶች በእያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከትንንሽ ሰጪዎች መሰብሰብ አለበት።

ታዲያ ይህን 123.5 ሚሊዮን ማን ወሰደው?

ማንም። ዋናውን ድጎማ የሚቀበል እጩ የግል መዋጮ አይሰበስብም፣ ከድጎማው በላይም አያወጣም። በ2008 ኦባማ «አልፈልግም» ብሎ በግል መዋጮ በመቶ ሚሊዮኖች ሰበሰበ፤ ከትልቆቹ ፓርቲዎች እጩዎች ዋናውን ድጎማ የተወ የመጀመሪያው እሱ ነው። ተፎካካሪው ማኬይን 84.1 ሚሊዮኑን ወሰደና ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እጩዎች አንድም የወሰደው የለም። የፕራይመሪውን ተዛማጅ ገንዘብ የሚወስዱ ግን አሉ፤ በ2016 የቀድሞው የሜሪላንድ ገዥ ማርቲን ኦማሊ ወስዷል፣ የግሪን ፓርቲዋ ጂል ስታይንም እንዲሁ።

እኔ በበኩሌ ሳጥኗን ምልክት አደርግባታለሁ። ሐሳቡ አልሞተም፤ ባሉበት የቆሙት ቁጥሮች ናቸው ያዳከሙት።

እኛ በምንኖርበት ከተማ እንዲህ ያለ ድጎማ አለ?

በብዙ ቦታ አለ፣ እዚያ ደግሞ በደንብ ይሠራል።

ሲያትል ያላችሁ «ዲሞክራሲ ቫውቸር» የሚባለውን ታውቁታላችሁ። መራጮች በ2015 አጽድቀውት በ2017 ተጀመረ። እያንዳንዱ ነዋሪ አራት ባለ 25 ዶላር ወረቀት፣ በድምሩ 100 ዶላር ይደርሰዋል፤ በፕሮግራሙ ለተመዘገበ የከተማ እጩ ይሰጠዋል። ከኪሱ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ግሪን ካርድ ያለውም፣ 18 ዓመት ከሞላው፣ ይካተታል። ልዩነቱ ለተመዘገበ መራጭ ቫውቸሩ ራሱ በፖስታ ይመጣል፣ ግሪን ካርድ ያለው ግን አመልክቶ ነው የሚያገኘው። ብዙ ወገናችን የሚቀርበት ይህን ባለማወቅ ነው። ገንዘቡ ከቤት ግብር ይሰበሰባል፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በኦገስት 2025 መራጮች ለሌላ 10 ዓመት ሲያራዝሙት በዓመት 4.5 ሚሊዮን አደረጉት። ወረቀቷ ግን አሁንም 25 ዶላር ናት።

ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለን ደግሞ በ2014 የወጣ ሕግ አለን፣ በ2018 ሥራ ላይ ዋለ። በፕሮግራሙ የገባ እጩ ከግለሰቦች ብቻ ትንንሽ መዋጮ ይቀበላል፤ ሲጀመር ጣሪያው 150 ዶላር ነበር፣ በ2022 ወደ 250 አደገ። የካውንቲው ነዋሪ የሰጠውን ካውንቲው ያዛምድለታል። ሲጀመር በነበረው ስሌት ለምክር ቤት እጩ 50 ዶላር ብትሰጡ ካውንቲው 200 ይጨምራል፣ ለካውንቲ ሥራ አስፈጻሚ እጩ ከሆነ 300። ማርክ ኤልሪች በ2018 የካውንቲ ሥራ አስፈጻሚነቱን ያሸነፈው በዚህ ነው። 50 ዶላር ያላት የቤት ሠራተኛ እዚህ ጋ ክብደት አላት።

ኒውዮርክ ከተማ የመጀመሪያዎቹን ዶላሮች በስምንት እጥፍ ያዛምዳል፤ ለከንቲባ እጩ እስከ 250 ዶላር ድረስ። ዋሽንግተን ዲሲም በ2020 በአምስት እጥፍ ጀምሯል።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ለስቴት ምርጫስ?

ቨርጂኒያ ለስቴት እጩዎች የመዋጮ ጣሪያ የላትም። ለኮንግረስ እጩ ግን ያው የፌዴራሉ 3,500 ነው። በየስቴቱ የተለያየ ስለሆነ የሌላ ስቴት ዘመዳችሁ የነገራችሁን አትከተሉ።

ገደብ ካለ ሚሊየነሮቹ እንዴት ነው ያን ሁሉ የሚያወጡት?

በሱፐር ፓክ በኩል ነው። በ2010 ፍርድ ቤቶች በሰጡት ውሳኔ፣ ለእጩው በቀጥታ የማይሰጥና ከእጩው ጋር ሳይመካከር ለብቻው የሚያወጣ ቡድን ያለ ጣሪያ መቀበል ይችላል። በ2014 ደግሞ አንድ ሰው ለሁሉም እጩዎች፣ ፓርቲዎችና የፖለቲካ ኮሚቴዎች በድምሩ የሚሰጠው ጣሪያ ተነሳ፤ ያኔ 123,200 ዶላር ነበር። የ3,500ው ገደብ ለአንድ እጩ በቀጥታ ለሚሰጠው ብቻ ነው የቀረው።

ቀጣዩ ቁጥር መቼ ይወጣል?

በ2027 መጀመሪያ፣ የ2026 አማካይ የዋጋ ኢንዴክስ ከታወቀ በኋላ። ኮሚሽኑ ሲያስታውቅ ለእጩ የሚሰጠው አዲሱ ጣሪያ የሚቆጠረው ከኖቬምበር 2026ቱ ምርጫ ማግሥት ጀምሮ ነው። እስከዚያ ፈንድሬዚንግ ላይ በምትሞሉት ካርድ ላይ የምታዩት ቁጥር 3,500 መሆን አለበት። ሌላ ቁጥር ካያችሁ ካርዱ ያረጀ ነው፤ ሠራተኛውን ጠይቁ።